ጳጳሱ ወንበራቸውን ይዘው ይውጡ

(ከመጀመራችን በፊት፦ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እንዳላደክማችሁ ብዬ ነው።)

በ596 የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ተቀባይዋ ሬስፔክታ ትባላለች፤ በማርሴይ ከተማ የሴቶች ገዳም እመ ምኔት ነበረች። ደብዳቤው ለገዳሙ መብት የሚሰጥ ነው። እመ ምኔቷ ስትሞት ተተኪዋን የሚመርጡት ራሳቸው መነኮሳይያቱ ናቸው፣ ከመካከላቸው። በገዳሙ ንብረት ላይ የከተማው ጳጳስም ሆነ ካህናቱ አዛዥ አይደሉም። ጳጳሱ ለበዓል መጥተው መቀደስ ይችላሉ፤ ቀድሰው ሲጨርሱ ግን የጵጵስና ወንበራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል።

ወንበሩ ላይ ቆም እንበል። ሮም ተቀምጦ የማርሴይን ወንበር የሚያስወጣ ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። ወንበሩ እዚያ ከዋለና ካደረ ባለቤቱም መዋል ማደሩ አይቀርም። ከዚያ መዝገቡ፣ ከዚያ ጎተራው… (ተከራይቶ የኖረ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ አከራይ አንድ ወንበር «ለጊዜው» እናንተ ክፍል ውስጥ ካስቀመጠ ነገሩ አበቃ!) በነገራችን ላይ ነፃነቱ ሙሉ አልነበረም። ከመነኮሳይያቱ ጥፋት የተገኘባት እንደሆነ በሥርዓቱ የሚቀጣው ያው ጳጳሱ ነው።

በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የሴት ገዳም የሚያስቸግረው ባለሥልጣን ቅርብ ነው። ጳጳሱ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። ስለዚህ መነኮሳይያቱ የሩቁን ሰው ይዘው የቅርቡን ይከላከላሉ።

«ታዲያ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አለ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። የእኛ ነገር የተገለበጠ ነው። አቡኑ ከእስክንድርያ ይላካሉ፤ ለዚያ ሁሉ አገር አንድ ግብፃዊ ጳጳስ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1959 ነው። በየከተማው ወንበሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ ጳጳስ ስላልነበረ የሴቶች ማኅበር የሚፈራው ሌላ ሰው ነው፦ ንጉሡን፣ የንጉሡን ሹም፣ መንገድ ላይ ያለውን ጦር። መብት የሚሰጠውም ያው ንጉሥ ነው። ጉልት ሰጥቶ፣ የሹሙን እጅ ከልክሎ፣ በመጨረሻ ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ ያትምበታል። የአውሮፓም የመብት ደብዳቤዎች በውግዘት ይዘጋሉ፤ ፖሊስ በሌለበት ዘመን መብትን የሚጠብቀው እርግማን ነበር።

አሁን ወለተ ጴጥሮስን ላስተዋውቃችሁ። በ1592 ከመኳንንት ቤት ተወለደች፤ ያገባችው የዐፄ ሱስንዮስን ሹም መልክአ ክርስቶስን ነው። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በ1617 ንጉሡን የተቃወሙት አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ገድሏ እንደሚለው የአቡኑ ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ስትሰማ ከእርሱ ጋር መኖር ቀረ። ቤቱን ጥላ ወጣች፣ መነኮሰች።

በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ። በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ መጡ። ማን ሾማቸው? የሮሙ ጳጳስ! ገድሏ ሜንዴዝ ሃይማኖቷን ሊያስለውጡ ሲከራከሯትና እሷም እምቢ ስትል ያሳየናል። እዚህ ላይ ታሪክ ራሱ ያሾፈ ይመስለኛል። ማርሴይ ላይ መነኮሳይያቱን ከጳጳስ የጠበቀው ያ የሮም መንበር፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ጣና ዳር አንዲት መነኩሲትን ለማሳመን ሰው ልኮ ይለማመጣል። እምቢታዋ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ወደ ዠበይ አስጋዛት። እዚያ ሦስት ዓመት ቆየች። ሊያጠፏት የላኳት ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ማኅበር መሠረተች፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ጨመረች። ሰባት ማኅበር!

ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሰ፣ በዚያው ዓመትም ሞተ፤ ፋሲለደስ ነገሠ። የወለተ ጴጥሮስ ችግር ግን በካቶሊኮቹ መሄድ አላበቃም። ከገዛ ወገኖቿ ሊቃውንት መካከል «ሴት መሪና አስተማሪ ትሁን የሚል የት ተጽፏል?» ያሉ ነበሩ። አባ ፈትለ ሥላሴ ተከራከሩላት፦ ነገሩ ከእግዚአብሔር ከሆነ ልታፈርሱት አትችሉም። ለእኔ ከስደቱ ይልቅ የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው። ለሃይማኖቱ የተሰደደችለት ወገን ሰላም ሲያገኝ መጀመሪያ የጠየቀው ማንነቷን ነው።

በ1642 አረፈች። በጓደኛዋ በእኅተ ክርስቶስ እጅ ማኅበሩ ቀጠለ፤ እርሷም በ1649 አረፈች። አብዛኛው የእንዲህ ዓይነት ማኅበር መሥራቹ ሲሞት ይበተናል። እዚህ ጋ ነው መሬቱ የሚመጣው። በ1650 ዐፄ ፋሲለደስ በጣና ዳርቻ ቆራጣ ላይ በወለተ ጴጥሮስ ስም ለሚተከል ገዳም መሬት ሰጠ። አባቱ ያሳደዳትን ሴት ልጁ ቦታ ሰጣት፣ ከሞተች በኋላ ቢሆንም።

ቆራጣ ደግሞ መማጸኛ ሆነች። የንጉሥ ቁጣ የወደቀበት ሰው ሸሽቶ ይገባባታል። ልብ በሉ፤ ንጉሥ የራሱን እጅ የሚያሳጥር ቦታ ነው የሰጠው። (ስም ቦታን ይዞ ይቀራል። የእኔው ሰፈር ሸጎሌ ስሙን ያገኘው ከቤኒሻንጉሉ ገዥ ከሼህ ሆጀሌ ነው፤ ዛሬ ግን ስሙ ሲነሳ ለብዙው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የአውቶቡስ ዴፖው ነው።) በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን ያሳረፉት ቆራጣ ነበር። ያሰሩት ግን ሐይቁን አሻግረው ዘጌ ካስጠሩት በኋላ ነው።

ግን ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። ጉልት ማለት ገበሬው ለንጉሥ ሹም ይከፍል የነበረውን ግብር ለጉልተኛው ይክፈል ማለት ነው። የገዳም መብት ሲባል ከታች አርሶ የሚያበላ ሰው አለ፤ ውግዘቱ ውስጥ የእርሱ ስም የለም። የማርሴይም ገዳም ንብረት በጸሎት ብቻ አልተገኘም። በ1975 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት በሙሉ የመንግሥት ሲያደርግ የገዳማቱም አብሮ ሄደ፤ ያረሰው ገበሬም ከጭሰኝነት ወጣ። ስለዚህ ስለ መነኮሳይያቱ መብት ሳስብ አንድ ዓይኔን ገበሬው ላይ አድርጌ ነው።

ገድሏን በ1672 ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በግእዝ ጻፈው። በ1912 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ አሳተመው፣ በ2015 በእንግሊዝኛ ወጣ። እሷም በየዓመቱ ኅዳር 17 ትታሰባለች።