ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችበት የ1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ

በአሽዶድ ሰፈሮች የአውሮፓን ክለቦች ተጫዋቾች ስም በቃሉ የማያውቅ ልጅ እምብዛም አናገኝም። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳ እንደምታውቅ የሰሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው ሊነግሩት የሚችሉትን ታሪክ ባጭሩ አቅርበናል። ዘመኑ የተጠቀሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከፍጻሜው በፊት

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ሲመሠረት ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ስላልተካፈለች ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ ቀረበችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1959 ካይሮ ላይም በድጋሚ 4 ለ 0 ተረታች። በሁለት ጨዋታ 8 ጎል ገብቶባት አንድም አላገባችም ማለት ነው።

ሦስተኛውን ውድድር ያዘጋጀችው ኢትዮጵያ ራሷ ነበረች። የተካፈሉት አራት ቡድኖች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅ ደግሞ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ።

የጎሎቹ ቅደም ተከተል

ጨዋታው የተደረገው እሑድ ጥር 21 ቀን 1962 (በኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954) ሲሆን፣ ቦታው ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲየም በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነበር።

35ኛው ደቂቃ፦ በደዊ አብደል ፈታህ ለግብፅ፣ 1 ለ 0
74ኛው፦ ተክሌ ኪዳኔ ለኢትዮጵያ፣ 1 ለ 1
75ኛው፦ በደዊ እንደገና፣ 2 ለ 1
84ኛው፦ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ 2 ለ 2
101ኛው፦ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ፣ 3 ለ 2
117ኛው፦ መንግሥቱ ወርቁ፣ 4 ለ 2

 2 ለ 2 ሲለያዩ 30 ደቂቃ ተጨመረ። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ጭማሪው ሰዓት እንግዶቹን ሳያደክማቸው አልቀረም።

አምበሉ ማን ነበር?

ሉቺያኖ በ1935 አሥመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር የነበረ ሰው ነው። በወቅቱ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን ከወረረ ሠላሳ ዓመት እንኳ ስላልሞላው፣ ከፍጻሜው በፊት «ክልስ የሆነ ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ መቀበል የለበትም» ያሉ ኃላፊዎች እንደነበሩ ይተረካል። ቡድኑን ይመሩ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ግን አልተቀበሏቸውም ይባላል። የሆነው ሆኖ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከ1972 እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1987 የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሉቺያኖ ግን በደርግ ዘመን ተሰዶ ኖሮ በ2022 ጣሊያን አገር አረፈ።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

እኛ ቤተ እስራኤል እዚያ «ፈላሻ» እየተባልን እንደ ባዕድ ታይተናል፤ እዚህ ደግሞ «ኢትዮጵያዊ» እንባላለን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ መርካዝ ክሊታ ሲደርሱ ወይም ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ወላጅ ያወጣላቸው ስም ቀርቶ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። አንዳንዱ ወድዶ ተቀበለው፤ ብዙው ግን አልተጠየቀም። በሥራችን እንደምናየው፣ ቤት በአንድ ስም ውጭ በሌላ የሚጠራ ልጅ «የቱ ነው እኔ?» ብሎ ይጨነቃል። ሉቺያኖ የአባቱን ስም እንደያዘ አምበል እንደነበረ መንገር ለዚህ ልጅ ይጠቅመዋል።

በከተማችን ክለብ የተጫወተውንና ኢትዮጵያ ተወልዶ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈውን ባሩክ ዴጎንም አብራችሁ አንሡ። በ2004 ማካቢ ቴል አቪቭ አያክስን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱንም ጎሎች ያገባው እርሱ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1962 ወዲህ ዋንጫውን አላገኘችም። ከ1982 በኋላም ለውድድሩ የበቃችው ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ነበር። በ1962 አብዛኞቹ አያቶቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ስለነበሩ ጨዋታውን ላያውቁት ይችላሉ። የልጁን የመጀመሪያ ስም ማን እንዳወጣውና ለምን እንደሆነ ግን ያውቃሉና፣ በሰንበት ማዕድ ላይ ልጆቹ እንዲጠይቋቸው አድርጉ።