ውል፣ ስጦታና ውሰት፦ የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ከመልካ ጀብዱ ሲታይ

የአሜሪካን የውጭ ፖሊሲ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዋሽንግተን ይነሣሉ። ፕሬዚዳንቶቹን በየተራ እየጠሩ ዘመኑን ይከፍላሉ፤ እያንዳንዱ ያወጣውን መርሕ ይተነትናሉ፤ አፍሪካ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቅ ትላለች። እኛ በዚህ ጥናት ጉዳዩን ከሌላው ጫፍ፣ ከመልካ ጀብዱ፣ ልንመለከተው መርጠናል። መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር በሚዘልቀው መስመር ላይ ይገኛል። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው በዚሁ አካባቢ ነው። ከአሜሪካ መንግሥት ተልኮ ከኢትዮጵያ ጋር የመጀመሪያውን ውል የተዋዋለው መልእክተኛ የመጣው በድሬዳዋ በኩል ነበር፤ በዚሁ መስመር ወደ አሜሪካ ይላካል ተብሎ የታቀደው የልብስ ምርት ከቀረጥ ነጻ ገበያውን ያጣውም በዚያው መንግሥት ውሳኔ ነው። በሁለቱ ክንውኖች መካከል 118 ዓመት አለ።

አሜሪካ ወዳጅ ናት ወይስ ጠላት የሚለውን እንተወው። በመስጊድ ደጃፍም በሻይ ቤትም ብዙ ተብሎበታል፤ ከዚያ የተገኘው ዕውቀት ግን ጥቂት ነው። የእኛ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ ከአሜሪካ ጋር የነበረን ግንኙነት በፊቅህ ሚዛን ሲመዘን ምን ዓይነት ዐቅድ ነው? ሁለቱን ወገን የሚያስር ውል ነው፣ ስጦታ ነው፣ ወይስ ውሰት? መልሱ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚሆን አይደለም። ሰጪው የሰጠውን መቼ መንሣት እንደሚችል የሚወሰነው በዚህ ነውና፣ የብዙ ሠራተኛ እንጀራ ይመለከተዋል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ ሦስቱን በግልጽ ይለያል። ሽያጭን የመሰለ ውል ከጸና በኋላ አንዱ ወገን ብቻውን አያፈርሰውም። ስጦታ (ሂባ) ተቀባዩ በእጁ እስኪያደርገው ድረስ ሰጪውን አያስረውም፤ በእጅ ከገባ በኋላ ግን ወላጅ ለልጁ ከሰጠው በስተቀር አይመለስም። ይህ በእጅ ማድረግ በዐረብኛ «ቀብድ» ይባላል፤ የእኛ ነጋዴ ለግዢ የሚያስይዘውን «ቀብድ» ማስታወሱ አይቀርም። ውሰት (ዓሪያ) ደግሞ ንብረቱ የባለቤቱ እንደሆነ ጥቅሙን ብቻ ማስፈቀድ ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይመልሰዋል። ለዚህ የመጨረሻው ሊቃውንቱ ያበጁለት አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ የመጣው ውል ነበር። የምድር ባቡሩ በ1902 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም በተለይ ካልተገለጸ ዘመኑ እንደዚሁ ነው) ድሬዳዋ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበሩት ሮበርት ስኪነር ጥቂት የባሕር ኃይል ወታደሮችን አስከትለው ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ገቡ። ሐዲዱ የሚያልቀው እዚያ ስለነበር የቀረውን መንገድ በሲራራ ተጉዘው በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ደረሱ። ዘመኑን ወደ ሒጅሪ ስንመልሰው የሲራራው ጉዞ በአብዛኛው በ1321 ረመዷን ላይ ያርፋል፤ የምሥራቁን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም (ዲሴምበር 27፣ 1903) ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረሙ።

ስኪነርን ያመጣቸው የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ ነው። ጨርቁ በዚህ ገበያ ከእርሳቸው በፊት ሥር ሰድዶ ነበር፤ በልዋጩ ቡናና ቆዳ በኤደን በኩል ወደ አሜሪካ ይሄድ ነበር። በዚህ ንግድ የሐረር፣ የሶማሌ፣ የዐረብና የህንድ ሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበረበት። የዋሽንግተን ፖሊሲ የመጣው ነጋዴው የጠረገውን መንገድ ተከትሎ ነው። ውሉ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጻፈ፤ ለሁለቱም አገር ነጋዴዎች የመዘዋወርና የመነገድ ነጻነት ሰጠ፤ ለሌላ አገር የተፈቀደ መብት ለአሜሪካም እንዲፈቀድ አደረገ። ዘመኑም 10 ዓመት ነበር። 10 ዓመት ለሻፊዒይ ተማሪ እንግዳ ቁጥር አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሑደይቢያ የተዋዋሉት ዘመን ነው፣ መዝሀቡም ለእርቅ ውል የፈቀደው ከፍተኛ ወሰን ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ግን በውሉ ላይ የተቀመጡት ሁለት እኩል ወገኖች መሆናቸውን ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ሰባት ዓመት ብቻ ማለፉን ካሰብን እኩልነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። በ1935 ኮንግረሱ ያጸደቀው የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ መሸጥን ከለከለ፤ የጦር ፋብሪካ ባላት ጣሊያንና በሌላት ኢትዮጵያ ላይ እኩል የተጫነ ክልከላ ማንን እንደጎዳ ግልጽ ነው። አሜሪካ የጣሊያንን ወረራ በሕግ አለማወቋም መታወስ አለበት። በፌብሩዋሪ 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ፣ በስዊዝ ቦይ መስመር ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ፣ በ13ኛው ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴን፣ በማግስቱ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድን ተቀበሉ። የሁለቱን ግንኙነት ታሪክ ለየብቻ የሚጽፉት ብዙዎች ናቸው። በአንድ መርከብ ላይ መደረጋቸው ግን የቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች ለዋሽንግተን አንድ ጉዳይ መሆን የጀመሩበትን ጊዜ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ስጦታው መጣ፤ ከስጦታዎቹ ሁሉ የሚበልጠውም ከድሬዳዋ ዳገቱን ወጥተው የሚያገኙት የዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ነው። የፕሬዚዳንት ትሩማን የቴክኒክ ርዳታ መርሐ ግብር፣ «ፖይንት ፎር» የተባለው፣ የኦክላሆማን የእርሻ ኮሌጅ ከኢትዮጵያ ጋር አገናኘ። ትምህርቱ በ1952 በጅማ ተጀምሮ ኋላ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1958 መርቀው ከፈቱት፤ ኦክላሆማዎች እስከ 1968 ቆዩ። ይህን ሥራ ከቀዝቃዛው ጦርነት ስሌት ለይተን አናየውም፤ በ1953 አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው ጣቢያን ለ25 ዓመት የያዘችበት ስምምነትም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። ሆኖም የሰጪው ኒያ ምንም ይሁን ምን ስጦታው ቀብድ ተፈጽሞበታል። በኤፕሪል 1977 ደርግ ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ሲዘጋ ኮሌጁ ከነመምህራኑ፣ ከነመጻሕፍቱ፣ ከነምርምር ማሳው በቦታው ቀረ። የሐረርጌ ገበሬ ልጅ እስከ ዛሬ ይማርበታል።

የጦር መሣሪያው ነገር ሌላ ነው። በፌብሩዋሪ 1977 የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ ቀነሰ፤ ቀጥሎም ግንኙነቱ ሲበላሽ ኢትዮጵያ ገንዘብ የከፈለችበት መሣሪያ ጭምር ሳይደርሳት ቀረ። ደርግ በዚያ ዓመት በገዛ ዜጎቹ ላይ የፈጸመው ግድያ እውነት ነው፤ ክሱ የፈጠራ ነበር የሚል ከእኛ ጋር አይደለም። ነገር ግን ርዳታን ማቆም ስጦታን መተው ነው፤ ዋጋው የተከፈለን ዕቃ መያዝ ግን ሽያጭን ማፍረስ ነው። ፊቅህ ሁለቱን በአንድ ስም አይጠራቸውም። በጁላይ የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ገባ። በዚያው ወር ዋሽንግተን ለሞቃዲሾ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት በመርሕ ደረጃ ተስማማች፤ በኦገስት ቃሏን አጠፈች። ኦገስት 17 ቀን የሶማሊያ ታንኮች ድሬዳዋን አጠቁ። የተመለሱት በአሜሪካ የተሠሩ፣ አሜሪካ ባሠለጠነቻቸው አብራሪዎች የሚበሩ የኤፍ-5 አውሮፕላኖች የሶቪየት ሥሪት የሆኑትን የሶማሊያ ሚጎች በተዋጉበት ጦርነት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሶቪየቶችና ኩባውያን የኢትዮጵያ አጋሮች ሆኑ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የኃያላን የቼዝ ጨዋታ ይሉታል። በዚህች ከተማ ግን በሁለቱም ምሽግ ሙስሊም ነበረ፤ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የተከፈለ ዘመድም ነበረ፤ ለእነርሱ ጨዋታ የሚለው ቃል አይመጥንም።

ከ2001 በኋላ አሜሪካውያን በጅቡቲ ካምፕ ለሞኒየር ሰፍረው ወደዚሁ መስመር ተመለሱ፤ ከድሬዳዋ በማይርቀው ሁርሶም የኢትዮጵያን ወታደሮች አሠለጠኑ። የዚያ ዘመን ፖሊሲ የምሥራቁን ሙስሊም በቅድሚያ የጸጥታ ጉዳይ አድርጎ ይመለከት ነበር፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል።

ወደ አጎዋ እንምጣ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሜይ 2000 የፈረሙት ይህ ሕግ የተመረጡ የአፍሪካ አገሮች ምርት ከቀረጥ ነጻ አሜሪካ እንዲገባ ይፈቅዳል። በአንዳንድ ልብሶች ላይ ቀረጡ እስከ 32 በመቶ ስለሚደርስ ጥቅሙ ትንሽ አልነበረም። ሕጉ በ2015 ለ10 ዓመት ሲራዘም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007ን አወጣች። የሐዋሳው ፓርክም ሆነ የመልካ ጀብዱው የዚህ ተስፋ ልጆች ናቸው። 10 ዓመት የሚለው ቁጥር ተመልሶ መምጣቱን ያየ ሰው ሁለቱን ሰነዶች አንድ አድርጎ ሊያይ ይችላል፤ ነገር ግን የምኒልክ ሰነድ ውል ነው፣ አጎዋ ግን የአንድ አገር የራሱ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ አልፈረመችበትም። ብቁ ሆና መቀጠሏን በየዓመቱ የሚወስነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ባለቤትነቱ ሳይተላለፍ ጥቅሙ ብቻ የተፈቀደ ነገር በፊቅህ ውሰት ይባላል።

ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርገው ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ እንደምትወጣ አስታወቁ። በዚያው ወር ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጸ። የተሰጠው ጊዜ ስልሳ ቀን ነው፤ የልብስ ትእዛዝ ግን ወራት አስቀድሞ የሚያዝ ነው። በዓመቱ፣ በዚያው ኖቬምበር 2፣ በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም።

ልዩ ሁኔታ ያልነው እዚህ ይመጣል። ኢማም ነወዊይ በ«ሚንሃጅ አጥ-ጧሊቢን» የውሰት ክፍል ውስጥ መሬቱን ለዘር ያዋሰ ሰው ሰብሉ ሳይደርስ ቢመለስበት እስከ አጨዳ እንዲያቆየው ይወስናሉ፤ ለቀሪው ጊዜ ኪራይ ይጠይቃል እንጂ አይነቅልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተዋሹ በባለቤቱ ፈቃድ ዘርቷል፣ የዘሩም ክብር አለው። ፍትሐዊ ሆነን ሌላውንም ወገን እንጨምር፦ ጊዜ ተወስኖለት በራሱ ጥፋት ያዘገየ ተዋሽ ይህን መብት ያጣል። አጎዋም ቅድመ ሁኔታውን በጽሑፍ አስፍሯል፤ ቅድመ ሁኔታውን ያፈረሰው መንግሥታችን ነው የሚል ሰው መነሻ አለው። ሆኖም በዚህ ማሳ ላይ ጥፋቱ የተባለበትና ዘሩን የዘራው አንድ ሰው አይደሉም። ክሱ በጦር አዛዦችና በባለሥልጣናት ላይ ነበር፤ የተነቀለው የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ሰብል ነው።

የምግብ ርዳታውም በዚሁ ሚዛን ይገባል። በጁን 2023 እህሉ ለታሰበለት ሰው አልደረሰም ተብሎ አሜሪካ በመላ አገሪቱ የምታድለውን ምግብ አቆመች፤ ለሌብነቱ የራብተኛው ድርሻ ምን እንደነበረ ግን አልተነገረም። ዕደላው ከወራት በኋላ ተመለሰ። በጁላይ 1፣ 2025 ደግሞ ርዳታውን ለስድሳ ዓመት ገደማ ሲመራ የኖረው ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. ራሱ ሥራውን አቆመ። በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያ የፈጸመችው ጥፋት አልተጠቀሰም፤ ምክንያቱ የአሜሪካ የውስጥ ፖለቲካ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ«ሚንሃጅ» አይገዛም የሚል ተቃውሞ ይቀርብብናል። እውነት ነው። እኛም ሚዛኑን ያነሣነው ዋሽንግተንን ለመክሰስ ሳይሆን የራሳችንን አሠራር ለመመዘን ነው። የእኛ ባለሥልጣናት ውሰትን እንደ ውል ቆጥረው በተዋሱት መሬት ላይ ቋሚ ቤት ሠርተዋል፤ ለነቀላ ቀን የሚሆን አንቀጽ አልጠየቁም። የሚጠየቅበት ሰነድ ደግሞ ጠፍቶ አይደለም። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1951 በአዲስ አበባ የተፈረመው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል ሁለት ወገን የፈረመበት፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጸኑ ውሎች መዝገብ ውስጥ ሰፍሮ የኖረ ሰነድ ነው። ስለ መልካ ጀብዱ ምርት ከአሜሪካ ጋር ለድርድር የሚቀመጥ ሰው አጎዋን ከመጥቀሱ በፊት ይህን ውል አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ አለበት፤ የሕግና የሸሪዓ ተመራማሪዎቻችንም ጥናታቸውን ከዚያ ቢጀምሩ እንወዳለን።