«ሪዘርቭ» የተባለው ግሥ ፍቺና የኦጋዴን ውሎች

መዝገበ ቃላት አዘጋጅን ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በምንጩ ቋንቋ አንድ የሆነው ግሥ በተቀባዩ ቋንቋ በብዙ ግሦች መከፋፈሉ ነው። ለዚህም «ሪዘርቭ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ በቂ ምሳሌ ይሆናል። ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ መሠረታዊ ፍቺው ለኋላ ማስቀረት ነው። አማርኛ ግን እንደየአገባቡ ይለያየዋል። ለገንዘብ ሲሆን መጠባበቂያ፣ ለወታደር ሲሆን ተጠባባቂ፣ ለደን ሲሆን ጥብቅ፣ ለአውሮፕላን መቀመጫ ሲሆን የተያዘ፣ ለሰው ጠባይ ሲሆን ቁጥብ እንላለን። በመጻሕፍት የመጀመሪያ ገጾች ላይም «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ሐረግ የዚሁ ግሥ አቻ ሆኖ ተለምዷል።

እነዚህ አቻዎች በዕለት ንግግር ቢለዋወጡ ጉዳቱ ቀላል ነው። በመንግሥታት ውል ውስጥ ሲገቡ ግን የአገር ጉዳይ ይሆናሉ። ይህንንም ከጅጅጋና ከደገሀቡር የቅርብ ዘመን ታሪክ እንረዳለን።

በ1933 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር በደገሀቡር በኩል አልፎ መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋን ያዘ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆይ ተደረገ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ደግሞ በ7ኛው አንቀጹ «ሪዘርቭድ ኤሪያ» እና ኦጋዴን የሚሉትን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንቀጹ የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት እንዳይነካ ያስገነዝባል፤ የአስተዳደሩንም ዕድሜ በስምምነቱ ዕድሜ ይወስናል።

የቃሉ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። «ሪዘርቭድ» የሚለው ቅርጽ ድርጊቱን እንጂ አድራጊውን አያሳይም። ማን ለየው? ለማን? እስከ መቼ? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ አይሰጥም። አማርኛ ተርጓሚ ግን አንዱን ግሥ ሲመርጥ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ፍርድ ይሰጣል። «የተከለለ» ቢል፣ መሬቱ ከባለቤቱ ለዘለቄታው የተለየ ያስመስላል። «ጥብቅ» ቢል፣ ጎረቤቱ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር የነበረ ግዛት ስለሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ሕጋዊ ሁኔታዎች ይደባለቃሉ። «የተያዘ» ቢል ደግሞ የ1933ቱን የጦር እርምጃ እንጂ የ1937ቱን ስምምነት አይገልጽም።

ሁለቱ ስሞች አንድ አለመሆናቸውን ኋላ የተፈጸመው ነገር ያረጋግጣል። ኦጋዴን፣ ደገሀቡርን ጨምሮ፣ በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ። ሃውድና «ሪዘርቭድ ኤሪያ» ግን ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት መሠረት የተመለሱት የካቲት 21 ቀን በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ አንዱን ስም በሌላው ምትክ የሚያስገባ ጸሐፊ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ያጠፋል።

ይኸው የ1947ቱ ስምምነት ከሶማሌላንድ ዝናብን ተከትለው ለሚመጡ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መብትን አጽንቷል። መብቱ ቀደም ሲል በ1889 ዓ.ም. ራስ መኰንንና ሬኔል ሮድ በሐረር በተለዋወጡት ደብዳቤ የታወቀ ነበር። የሶማሌላንድ ሰዎች ግን በዚህ አልረኩም፤ ርክክቡን በመቃወም መልእክተኞቻቸውን ወደ ለንደን ላኩ። ለአርብቶ አደሩ ዋናው ጥያቄ ሣሩና ውሃው ለማን ቀረ የሚለው ነበርና፣ ከግሡ የጎደለው ተቀባይ በእርሱ ዘንድ የኑሮ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ እኛ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ግሡ ለመብት ሲነገር «መጠበቅ» ይባል፤ የግጦሹ መብት በትክክል የተጠበቀ መብት ነውና። በውል ስለ መሬት ሲነገር ግን «ለጊዜው ለይቶ ማቆየት» የሚለው ይሻላል፤ መለየቱንም፣ የጊዜውንም ገደብ፣ የባለቤቱንም አለመለወጥ በአንድነት ይይዛልና። በታሪክ መጻሕፍት «ሪዘርቭድ ኤሪያ» የሚለው የቦታ መጠሪያ እንደ ተጸውዖ ስም ሳይተረጐም ይቆይ፤ «ለጊዜው ተለይቶ የቆየ ቦታ» የሚለው ማብራሪያም ይከተለው። እንዲህ ሲሆን አንባቢው የውሉን ቃል ከተርጓሚው ፍርድ ለይቶ ሊመዝን ይችላል።