ጎል ብቻውን አይመሰክርም፦ የአጥቂ መስመርና የሩጫ ጨዋታ በባሌ ደጋ እንዴት ይመዘናል?

በሮቤም ሆነ በጎባ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ከሜዳው ዳር ተነሥቶ እስከ ሻይ ቤት የሚዘልቀው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በአጥቂው። ቡድኑ ሲያሸንፍ አጥቂው ይወደሳል። ጎል ሳይገባ ሲቀር ደግሞ «አጥቂ የለንም» የሚለው ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። ፍርዱ ቢቀልም መዘዙ ቀላል አይደለም። በታዳጊ ቡድን ለሚጫወት ወጣት ሁለት ሦስት ጨዋታ ጎል ሳያስቆጥር መውጣት ከቋሚ አሰላለፍ ሊያስወጣው፣ ሲብስም ኳስን ጨርሶ ሊያስተወው ይችላል።

ጎል የጨዋታው ውጤት እንጂ የጨዋታው ሙሉ ታሪክ አይደለም። የአጥቂ መስመርን በትክክል ለመመዘን ኳሱ ወደ ፊት እንዴት እንደደረሰ፣ ተጫዋቾቹ ኳስ ሳይዙ ወዴት እንደሮጡና ጨዋታው በምን ዓይነት ሜዳ ላይ እንደተካሄደ ማየት ያስፈልጋል። በደጋ ላይ እነዚህ ሦስቱ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ይከብዳሉ።

ማጥቃት ከኋላ ይጀምራል

አጥቂ መስመር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከፊት የሚሰለፉትን ብቻ ነው። በተለመደው የአራት ሦስት ሦስት አሰላለፍ እነዚህ አንድ የመሐል አጥቂና ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች ናቸው። ነገር ግን ሦስቱ ብቻቸውን ጎል አይሠሩም። ግብ ጠባቂው ኳስን ለተከላካይ ያቀብላል፤ ተከላካዩ ለአማካይ፣ አማካዩም ወደ ክንፍ ወይም ወደ መሐል ያሳልፋል። ከእነዚህ ቅብብሎች አንዱ ሲበጠስ አጥቂው ኳስ አያገኝም። ኳስ ያላገኘ አጥቂም ጎል ባለማግባቱ ሊወቀስ አይገባውም።

የስንዴ ምርት ያነሰበት የሲናና ገበሬ ጥፋቱን ሁሉ በአጨዳው ላይ አያላክክም። ዘሩን፣ የዝናቡን አመጣጥ፣ አረሙንና ዋጉን አንድ በአንድ ይመረምራል። ጎልም እንደ አጨዳ በመጨረሻ የሚታይ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ተመልካች በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አጥቂው ለምን አላገባም?» ብሎ ሳይሆን «ኳሱ የት ላይ ተቋረጠ?» ብሎ ነው። ኳሱ በየጊዜው በመሐል ሜዳ የሚነጠቅ ከሆነ ችግሩ የአማካዮቹ ነው። ተከላካዮቹ ሳያዩ ወደ ፊት የሚጠልዙ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ኳስ የሌለው ሩጫ

አንድ ተጫዋች በሙሉ ጨዋታ በአማካይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ኳስ በእግሩ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ግን ቢደመር ጥቂት ደቂቃ ነው። ከሩጫው እጅግ የሚበዛው ኳስ ሳይያዝ የሚሮጥ በመሆኑ የተመልካች ዓይን ኳሷን ብቻ ሲከተል የጨዋታው ትልቁ ክፍል ያመልጠዋል።

የአጥቂ ሩጫ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከተከላካዮች ጀርባ ወዳለው ክፍት ቦታ የሚደረግ ሩጫ ነው። ሁለተኛው ወደ ኳሱ ተጠግቶ ቅብብልን የሚቀበል ሩጫ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተከላካይን አስከትሎ ወደ ጎን በመውጣት ለሌላው መንገድ የሚከፍት ነው። ጭብጨባ የማያገኘው ይህ ሦስተኛው ሩጫ ነው። የመሐል አጥቂው ወደ ቀኝ ሲወጣ የመሐል ተከላካዩን ይዞ ይሄዳል፤ የግራ ክንፍ ተጫዋቹም በተከፈተው ቦታ ገብቶ ያስቆጥራል። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው ያስቆጠረው ነው፤ በሩን የከፈተው ግን ሌላው ነው። ፈረስ ጉግስ አይቶ ላደገ ተመልካች ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አሳዳጁን አስከትሎ የሚሸሸው ፈረሰኛም የጨዋታው ግማሽ አካል ነውና።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚታየው ኳስ ሲነጠቅ የሚደረገው ሩጫ ነው። ኳሱን ያጣ ቡድን አጥቂዎች ቆመው ከተመለከቱ የተጋጣሚ ተከላካዮች በእርጋታ ጨዋታ ይጀምራሉ። ወዲያው ጫና ካሳደሩ ግን ኳሱን ከግቡ አቅራቢያ መልሰው የማግኘት ዕድል አላቸው። በዚህም ምክንያት የቡድን የመጀመሪያ ተከላካይ አጥቂው ነው ይባላል።

ከፍታ፣ ትንፋሽና የኳስ በረራ

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባይለወጥም ግፊቱ ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ያንሳል። ከቆላ የመጣ ተጫዋች አንዱን ፈጣን ሩጫ እንደ ልማዱ ሊሮጥ ይችላል። የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ትንፋሹን መልሶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመድገም ነው።

አየሩ ስስ በመሆኑ በኳሷ ላይ የሚያርፈው ተቃውሞም ይቀንሳል። ረጅም ኳስ ከተጠበቀው በላይ ይርቃል፤ ተጠምዞ የሚመታ ቅጣት ምትም እንደ ቆላው አይታጠፍም። «አጥቂው ኳሱን ሳይደርስበት ቀረ» ሲባል ከመፍረድ በፊት የተላከው ኳስ ልኩን አልፎ እንደሆነ ማጣራት ተገቢ ነው።

ከፍታ በዓለም እግር ኳስም የክርክር ምንጭ ሆኖ ያውቃል። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊፋ) በ1999 ዓ.ም. ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ሜዳዎች ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ወስኖ ነበር። ውሳኔው ከደቡብ አሜሪካ ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው በዓመቱ ቀርቷል። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. ደግሞ በዲዬጎ ማራዶና የሚሠለጥነው የአርጀንቲና ቡድን 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ላፓዝ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተሸንፏል።

ይሁን እንጂ ከፍታ ለደጋው ቡድን የሚጠቅመው ትንፋሹን በአግባቡ ከከፈለ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ያለ ዕቅድ የሚሮጥ ቡድን ትንፋሹን ቀድሞ ይጨርሳል፤ እንግዳው የሚደክምበት ሰዓት ሲደርስ እርሱም ደክሞ ይገኛል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቋሚ የሆነው የጨዋታ ሕግ ውድድሩ ከፈቀደ በአንድ ጨዋታ እስከ 5 ተጫዋች መቀየር ያስችላል። ትኩስ የክንፍ ተጫዋች በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ መመልከትም የአሠልጣኙን የትንፋሽ አከፋፈል ያሳያል።

ጥቁር አፈርና ወቅት

የሲናና ሜዳማ ስፍራ በስፋት ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ በአካባቢው አጠራር ኮቲቻ፣ ያለበት ነው። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ አብጦ ይጣበቃል፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። ባሌ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በመኸር፣ የሚዘራበት አገር ነው። ሜዳው በደንብ የሚደርቅበት ወቅት አጭር ነው ማለት ነው።

በረጠበ ኮቲቻ ላይ ኳስ በመሬት አይሮጥም፤ አጭር ቅብብል መንገድ ላይ ይቀራል። ፈጣኑ የክንፍ ተጫዋች እግሩን ነቅሎ እስኪነሣ ተከላካዩ ይደርስበታል። በአንጻሩ በደረቅ ወቅት መሬቱ ስለሚጠነክር ኳስ ከፍ ብላ ትነጥራለች፤ በስንጥቁ ላይም አቅጣጫ ትቀይራለች። ስለዚህ አንድን የክንፍ ተጫዋች በሐምሌ ጭቃ ላይ ባሳየው ብቃት ብቻ «ፍጥነት የለውም» ማለት አይቻልም። በጥርም ሊታይ ይገባዋል።

ከብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ሦስት ማሳያዎች

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችውን የአረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) 4 ለ 2 አሸንፋለች። በአሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ነበር። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ግብፆች ወዲያው እንደገና መሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን አቻ ጎል አስቆጠረ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ድሉን አረጋገጡ። አራቱም ጎሎች የተቆጠሩት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ፈርዶ የወጣ ተመልካች ቢኖር የኢትዮጵያን አጥቂ መስመር «ደካማ» ብሎ በሄደ ነበር።

ሁለተኛው ማሳያ ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በደቡብ አፍሪካ ታየ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመች። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ በ10 ሰው ማጥቃቱን ሳይተው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያየ። ከዚያ በኋላ ግን በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ወጣ። በሦስት ጨዋታ የተቆጠረው ጎል አንድ ብቻ ነው። ይሁንና ለዚያ ውድድር ያበቁት፣ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ያስቆጠሩት፣ እነዚያው አዳነና ሳላዲን ነበሩ።

ሦስተኛው ማሳያ የከፍታን ነገር በልኩ ለማየት ይረዳል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፋለች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ በመጀመሪያው አጋማሽ አስቆጥረዋል። ጨዋታው በሕግ የኢትዮጵያ የሜዳዋ ጨዋታ ቢሆንም የተካሄደው ከፍታዋ ከ1,000 ሜትር ብዙም በማይበልጠው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በአገር ውስጥ ያሉ ስታዲየሞች መስፈርቱን አላሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድኑ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታዎች በባዕድ አገር ለማድረግ ተገድዷል። ድሉ የሚያሳየው ያለ ከፍታም በቅብብልና በታሰበበት ሩጫ ማሸነፍ እንደሚቻል ነው። ለደጋ ሰው ግን ጥያቄው ይቀራል፤ የገዛ አየሩን ጥቅም ያጣ ቡድን በጎሉ ብዛት ሲመዘን ይህም አብሮ ሊቆጠርለት ይገባል።

ተመልካች በወረቀት ሊይዛቸው የሚችላቸው ነጥቦች

ትክክለኛ ምዘና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

አንደኛ፣ ኳሱ በተጋጣሚ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደረሰ መቁጠር። ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ችግሩ ከአጥቂው በስተኋላ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ወደ ግብ የተመቱትን ኳሶች ከክልሉ ውስጥና ከውጭ ብሎ መለየት። በታላላቅ ሊጎች እንኳ ከአሥር ሙከራ ጎል የሚሆነው አንዱ ገደማ ነው። ከፍጹም ቅጣት ምትም ከአራቱ አንዱ ያህል ይሳታል። በአንድ ሙከራ አጥቂን መፍረድ ከአንድ ዛላ ተነሥቶ የማሳውን ምርት እንደ መገመት ነው።

ሦስተኛ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ኳሷን ትቶ አንድን አጥቂ ብቻ መከታተል። ወዴት ይሮጣል? ማንን ያስከትላል? ማን ይጠቀምበታል?

አራተኛ፣ ኳስ ሲነጠቅ ለመመለስ የሚሮጠው ማን እንደሆነ ማስተዋል።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ከመጨረሻዎቹ 20 ጋር ማነጻጸር። በደጋ ሜዳ የቡድን ብቃት በግልጽ የሚለየው በዚህ ነው።

ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ሕግ ማወቅም ከብዙ የተሳሳተ ፍርድ ያድናል። ተጫዋች በራሱ ሜዳ አጋማሽ ውስጥ ካለ ከጨዋታ ውጪ አይባልም። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከግብ ምት በቀጥታ ኳስ ሲቀበልም እንዲሁ። ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ ጋር እኩል መስመር ላይ መሆንም ጥፋት አይደለም።

የሮቤና የጎባ ሜዳዎች ዳር ሁልጊዜ ሰው አይጠፋባቸውም፤ የታዳጊዎችን ስም መጀመሪያ የሚያነሣውና የሚጥለውም ይኸው ሰው ነው። ወረቀት ይዞ የሚመለከት ደጋፊ ሲበዛ፣ ለሌላው መንገድ ሲከፍት የዋለው ልጅ ጎል ሳያገባ ወደ ቤቱ ቢመለስም የልፋቱን ዋጋ የሚያውቅለት አያጣም።