ኮሶን ማን አገኘው?

ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ያደገ ሰው ኮሶን ሳያውቅ አይቀርም። ጠጥቶት ባያውቅ እንኳ መራራ ነገር ሲቀምስ «ኮሶ ኮሶ ይላል» ማለቱ አይቀርም። ይህ አበባ ግን በዓለም የመድኃኒት ታሪክ ውስጥ ስፍራ እንዳለው ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነበር (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የኮሶ ዛፍ በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ፣ ከጽዱ መካከል፣ ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም እንደሚተከል ጻፈ። እንግዲህ አጸዱ የሕዝብ መድኃኒት ቤትም ነበር ማለት ነው።

ቆይቶም በ1820ዎቹ፣ በኮንስታንቲኖፕል ይሠራ የነበረ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የአበባውን ፈዋሽነት ለአውሮፓ አስታወቀ። ስም አወጣጡን ተመልከቱ። ዛፉ በጀርመናዊው ምሁር በሀገን ስም «ሀጌኒያ» ተባለ፤ በሐኪሙም ስም «ብራየራ» ተብሎ ነበር። መድኃኒቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆዩት እናቶችና አዋቂዎች ግን ስማቸው አልተነሣም። ለአገራችን የደረሳት «አቢሲኒካ» የሚለው ቅጽል ብቻ ነው።

ገበያውም ደራ። በ1850 ገደማ አንድ ፈረንሳዊ ከሐበሻ ያገኘውን ብዙ ኮሶ፣ አንዱን አውንስ በ35 ሽልንግ ለመሸጥ ተነሣ። ይህን ያዩ ነጋዴዎችም በብዛት አስመጡና ዋጋው እየወረደ ሄዶ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም 16 አውንስ፣ 3 ወይም 4 ሽልንግ ሆነ። በ1864 ኮሶ በብሪታንያ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ገባ።

እውነቱን እንናገር ካልን ግን አውሮፓውያኑም የጨመሩት ዕውቀት አለ። የእኛ ሰዎች ትሉን ማስወጣት ያውቁ ነበር። ከየት እንደሚመጣ በሙከራ ያሳየው ግን ጀርመናዊው ሎይካርት ነው። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የትሉን እንቁላል ለጥጃ አብልቶ፣ እጩ በሥጋው ውስጥ እንደሚያድግ አረጋገጠ። ኮሶም ጉድለት አለው። የትሉ ራስ ካልወጣ ትሉ እንደገና ያድጋል፤ ጥሬ ሥጋው ካልቀረም ሌላ ይተካል። በየሁለት ወሩ መጠጣት ልማድ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ያስመልሳል፣ ዓይን ይጎዳል፣ የገደለበትም ጊዜ አለ። በ1960ዎቹ ኒክሎሳማይድ፣ በ1970ዎቹም ፕራዚኳንቴል ሲመጡ ያ ሁሉ ስቃይ በጥቂት ክኒን ተተካ።

ስለዚህ ኮሶ ጠጡ ማለቴ አይደለም። ጥሬ ሥጋ በልቶ የተጠራጠረ ወደ ሐኪም ይሂድ። ነገር ግን ልጆቻችሁ የመድኃኒት ታሪክ ሲማሩ ይህንንም ንገሯቸው፦ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ ተተክሎ፣ ሕዝብ ሲድንበት ነበር። የውጭው ሰው ጻፈው እንጂ አላገኘውም። ዛሬም ከወላጆቻችን ጋር ያለው ዕውቀት የሚጽፈው ይፈልጋል፤ ጸሐፊው ደግሞ እኛ ብንሆን ምን ይከለክለናል?