የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ የሃይዳ ደሴቶች ደን ታሪክ

በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ትይዩ፣ ከ150 የሚበልጡ ደሴቶች በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ተሰድረው ይገኛሉ። ባለቤቶቹ ሃይዳ ግዋይ ይሏቸዋል፤ «የሕዝቡ ደሴቶች» ማለት ነው። በ1787 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ ዲክሰን የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በመርከቡ ስም «ኩዊን ሻርሎት» አላቸው። ይህም ስም እስከ 2010 ድረስ በካርታ ላይ ጸንቶ ቆየ።

ለሃይዳ ሕዝብ ደን የማገዶ ምንጭ ብቻ አልነበረም። ከቀይ ዝግባ ታንኳውን ይጠርባል፣ ቤቱን ይሠራል፣ ከልጡ ልብስ ይሸምናል፤ የጎሳውንም ታሪክ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ይቀርጻል። በ1862 የገባው የፈንጣጣ ወረርሽኝ ይህን ሕዝብ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ፈጀው። የተረፉት በሁለት መንደሮች ተሰበሰቡ፤ ይሁን እንጂ ርስታቸውን የሚያስረክብ ውል ከቶ አልፈረሙም።

ክፍለ ሀገሩ ግን ደኑን የራሱ አድርጎ በመቁጠር በ1961 ማክሚላን ብሎደል ለተባለ ኩባንያ የመቁረጥ ፈቃድ ሰጠ። ግንዱ ወደ ዋናው ምድር ተጋዘ። በዚህ ሥራ ኑሯቸውን የመሠረቱ ሰፋሪዎችም መንደር ቆረቆሩ። ከዚህ የተነሣ የቆራጩ እንጀራና የሃይዳው ርስት የማይታረቁ መሰሉ። በ1985 ሃይዳዎች በላየል ደሴት መንገድ ዘግተው ቆሙ፤ 72 ሰዎችም ተያዙ። ቀድመው ለእስር የቀረቡት አዛውንት ነበሩ። የዚህ ትግል ፍሬ በ1993 ታየ፤ ሃይዳና ካናዳ የባለቤትነቱን ክርክር ሳይዘጉ፣ ደቡባዊውን የደሴቶች ክፍል በእኩል ቁጥር በተወከሉበት ቦርድ ለማስተዳደር ተስማሙ።

ይሁንና የታሪኩ ዋና መታጠፊያ የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። ፈቃዱ በ1999 ወደ ዌየርሃውዘር ኩባንያ ሲተላለፍ ሃይዳዎች «ሳንጠየቅ» ብለው ከሰሱ፤ ጉዳዩም እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። በዚያ ችሎት በእንጨት ሥራ የምትተዳደረው ትንሿ የፖርት ክሌመንትስ መንደር ጣልቃ ገብታ ከሃይዳ ጎን ቆመች። ነዋሪዎቿ ደኑ ሲያልቅ ኩባንያው እንደሚሄድ፣ ሃይዳዎች ግን ትናንትም ነገም ጎረቤቶቻቸው እንደሆኑ ተረድተው ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። በኅዳር 2004 ፍርድ ቤቱ፣ የርስት መብት ገና ባይረጋገጥም እንኳ መንግሥት ባለመብት ነኝ የሚለውን ሕዝብ የማማከር ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ይህ ግዴታ ግን በኩባንያው ላይ እንደማይወድቅ አክሎ ገለጸ።

ፍርዱ ብቻውን መጋዙን አላቆመም። በመጋቢት 2005 ሃይዳዎችና ሌሎች የደሴቶቹ ነዋሪዎች በአንድነት መንገዱን ዘጉ። በ2007 ከደሴቶቹ መሬት ግማሽ ያህሉን የሚጠብቅ ስምምነት ተፈረመ። በ2010 በወጣው ሕግ ሁለት የሃይዳ፣ ሁለት የክፍለ ሀገሩ ተወካዮችና በጋራ የተሾመ ሰብሳቢ ያሉበት ምክር ቤት ተቋቋመ። በየዓመቱ ሊቆረጥ የሚፈቀደውን መጠን የሚወስነው ይኸው አካል ነው፤ በ2012 መጠኑን 929,000 ሜትር ኩብ አድርጎ ወሰነ።

በ2024 ደግሞ ክፍለ ሀገሩ የሃይዳን ርስትነት በደሴቶቹ ሁሉ ላይ አወቀ። የሰፋሪዎቹ የግል ይዞታ እንደማይነካም በዚያው ስምምነት ተጻፈ። ስለዚህ የባለርስቱ መብት መታወቅ ጎረቤቱን ቤት አልባ አላደረገም።

እርግጥ ነው፣ የተጠበቀው ደን አይቆረጥም፤ ያልተቆረጠ ግንድም ደመወዝ አይሆንም። ይህ ሸክም ዛሬም በቆራጩ ትከሻ ላይ ነው። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚቆረጥና ምን እንደሚተርፍ የሚመከረው ዛፉ በቆመበት ምድር፣ ውጤቱን በሚቀበሉት ሰዎች ፊት ነው። አባቶች የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ሲሉ ያመለከቱት ይህንኑ ነው።