ትንሿ ማጉያና የድምፅ ጣዕም

በአንዱ ሙያ ጉድለት ተብሎ የተቈጠረ ነገር በሌላው ሙያ ዘንድ እንደ ጸጋ የሚታይበት ጊዜ አለ። እኛ መሐንዲሶች የኤሌክትሪክ ምልክት ሳይዛባ እንዲጐላ ስንደክም፣ የጊታር ተጫዋቾች ያንኑ መዛባት አጥብቀው ይሻሉ። የነገሩን ሥር ለመረዳት የትንሿን የመለማመጃ ማጉያ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ሊዮ ፌንደር የተማረው የሒሳብ አያያዝ ነበር፤ ጊታር መጫወትም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። በ1948 ደግሞ፣ ከጊዜ በኋላ «ቻምፕ» ተብሎ ለታወቀው ዝርያ መነሻ የሆነችውን «ቻምፒዮን 800» የተባለች ማጉያ ለገበያ አቀረበ። የታሰበችው ለጀማሪ ተማሪ ስለ ነበረ ዋናው ጥረት ዋጋዋን ዝቅ ማድረግ ነበር።

በ1950ዎቹ ማገባደጃ የተሠራችው ቻምፕ ብትከፈት ውስጧ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይኸውም ሦስት ቫኪዩም ቲዩቦች፣ ሁለት ትራንስፎርመሮችና አንድ ባለ 8 ኢንች ስፒከር ነው። ኃይሏ 5 ዋት ያህል ሲሆን፣ ያላት መቈጣጠሪያም የድምፅ መጠን መለወጫው ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ ጣዕሟ የመነጨው ከዚሁ ቀላልነት ነው። የመጨረሻውን ኃይል የምትሰጠው ቲዩብ አንዲት ብቻ በመሆንዋ፣ ከዐቅሟ በላይ ስትገፋ የሞገዱ አንደኛው ወገን ከሌላው ቀድሞ፣ ያውም ቀስ በቀስ ይደፈጠጣል። ከዚህም የተነሣ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁለተኛው ሐርሞኒክ ይጐላል፤ ጆሮም ይህን እንደ ሙላት ይቀበለዋል። ጠንካራ አሉታዊ ግብረ መልስ ያላቸው የትራንዚስተር ማጉያዎች ግን እስከ ዐቅማቸው ጫፍ ድረስ ንጹሕ ሆነው ይቈዩና ሞገዱን በድንገት ይቈርጡታል፤ ድምፁም ይሻክራል። ኤሪክ ክላፕተን በ1970 «ሌይላ» የተባለውን አልበም ሲቀርጽ የተጠቀመው በዚችው የተማሪ ማጉያ ነበር።

እኔም ከዓመታት በፊት ማጉያ ስገዛ በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ቍጥር አምኜ ባለ 50 ዋት መረጥሁ። ከ5 ወደ 50 ዋት ማደግ 10 ዴሲቤል እንደ ሆነና ለጆሮም እጥፍ ያህል ብቻ ሆኖ እንደሚሰማ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ዐውቅ ነበር፤ ግን አላሰብሁበትም። ያ ማጉያ ጣዕሙን የሚሰጠው ጎረቤት ሊታገሠው በማይችለው መጠን ብቻ ነበርና፣ እኔ በማታ በምለማመድበት መጠን ሕይወት አልነበረውም። በመጨረሻም በኪሳራ ሸጥሁት።

ከ1996 ወዲህ የቲዩብን ጠባይ በዲጂታል ስሌት የሚያስመስሉ የጊታር ማጉያዎች መጥተዋል፤ ዛሬ በዝቅተኛ ድምፅም ሆነ በጆሮ ማዳመጫ ለሚለማመድ ሰው እውነተኛ መፍትሔ ናቸው። ሆኖም ስሌቱ ምንም ቢረቅ፣ የጊታር ወፍራሟ ክር የምትሰጠው ድምፅ 82 ኸርዝ ገደማ በመሆኑ፣ በጠባብ ሣጥን የታሸገ ባለ 3 ኢንች ስፒከር ያንን ድምፅ በሙላት ሊያወጣው አይችልም።

እንግዲህ የሚገዛ ባልደረባ በቤቱ በሚጫወትበት የድምፅ መጠን፣ በራሱ ጊታር ሞክሮ ይምረጥ። ከአሜሪካ የሚያስመጣም ከሆነ፣ መሣሪያው ለ120 ቮልት የተሠራ እንደ ሆነ ከኛ 220 ቮልት ጋር በቀጥታ እንዳያገናኘው ይጠንቀቅ። መለኪያ መሣሪያ የሚነግረን ምልክቱ ምን ያህል እንደ ተዛባ ነው፤ መዛባቱ ያምር እንደ ሆነ የሚፈርደው ግን ጆሮ ነው።